የብዙዎች ሥርዓት፤ ከላስታ መንገድ እስከ ሊቃውንት ጥናት

በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ከላስታ አምባዎች በአንዱ ላይ ቆሞ ወደ ላሊበላ የሚወስዱትን መንገዶች ቍልቍል የሚመለከት ሰው በየሸንተረሩ ላይ ነጭ ፈትል የተዘረጋ ይመስለዋል። ፈትል የመሰለው ግን ጋቢና ነጠላውን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ፣ ስንቁን ቋጥሮ ለልደት በዓል የሚመጣው ሕዝብ ነው። ከዋግ የመጣ አለ፤ ከየጁ የወጣ አለ፤ ከጎንደርና ከጎጃም ተነሥቶ ብዙ ቀን በእግሩ የተጓዘም አለ። አብዛኛው እርስ በርሱ አይተዋወቅም፤ የሚያሰልፈው አለቃ፣ የሚነዳው አዛዥ የለውም። እንዲህም ሆኖ ከሩቅ ሲያዩት እንደ አንድ ወንዝ ሆኖ ይፈስሳል።

ይህ ወንዝ ከተማው ደርሶ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲገባ መንገዱ እጅግ ይጠብበታል። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በንጉሥ ላሊበላ ስም የሚጠሩት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ስለ ሆኑ፣ መግቢያና መውጫቸው ቦይ፣ ደረጃና ዋሻ ነው። ዐሥሩ ዮርዳኖስ በተባለው ቦይ ወዲህና ወዲያ በሁለት ወገን ተከፍለው ሲገኙ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ተለይቶ ቆሟል። በእነዚህ ጠባብ መንገዶች የሚገባውና የሚወጣው ሕዝብ ፊት ለፊት ሲገናኝ በመጀመሪያ ይጋፋል። ጥቂት ቆይቶ ግን ማንም ሳያዝዘው የሚገባው በአንድ ወገን፣ የሚወጣው በሌላው ወገን ተሰልፎ እንደ ሁለት ጅረት ይተላለፋል።

እንግዲህ ይህን ሥርዓት ያወጣው ማን ነው? ብለን ብንጠይቅ ከሕዝቡ መካከል እኔ ነኝ የሚል አንድም ሰው አናገኝም። እያንዳንዱ ያሰበው የራሱን እርምጃ ብቻ ነበርና። የፊዚክስ ሊቃውንት ከዚህ ጥያቄ ጋር ብዙ ዘመን ሲታገሉ ኖረዋል። ከእነርሱም መካከል ዕድሜያቸውን ለዚህ ጥናት የሰጡ ኢትዮጵያዊ ሊቅ አሉ፤ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ይባላሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እርሳቸው ሥራና በየቤታችንም በየበዓላችንም ስለሚገኘው ስለ ብዙዎች ሥርዓት ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ልብ ይሏል።

የዚህ ጥበብ ስም ስታቲስቲካል ፊዚክስ ይባላል። ትርጓሜውም አንዱን ለብቻው ለማወቅ የማይቻልበትን ነገር በብዛቱ መርምሮ ሕጉን ማግኘት ነው። ነገሩን በቀላል ምሳሌ እናስረዳ። አንድ ሰው ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ይሁን ጎፈር አስቀድሞ ሊነግረን አይችልም። ነገር ግን ሳንቲሙን 10000 ጊዜ ቢወረውረው ዘውዱ ከ4900 እስከ 5100 ባለው ቁጥር መካከል እንደሚሆን በድፍረት ሊናገር ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ውርወራ 100 ጊዜ ቢደጋግመውም 95 ጊዜ ያህል አይሳሳትም። የአንዱ ውርወራ ነገር ሥውር ሲሆን የብዙው ውርወራ ነገር ግልጥ ነው ማለት ነው።

በአንድ ማንኪያ ውሃ ውስጥ የሚገኙት ጥቃቅን የውሃ ቅንጣቶች ቍጥራቸው፣ 1 ተጽፎ 23 ዜሮ ከሚከተለው ቍጥር ይበልጣል። እነዚህን አንድ በአንድ ተከታትሎ አካሄዳቸውን መጻፍ ለማንም የማይቻል ነው። ሆኖም በመቶ ዓመታት ወደ ኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት የስኮትላንዱ ጄምስ ክለርክ ማክስዌልና የኦስትሪያው ሉድቪግ ቦልትዝማን፣ ሙቀት ማለት የእነዚህ ቅንጣቶች እንቅስቃሴ መሆኑን አስረድተው፣ አንዱን ሳያውቁ የብዙውን ጠባይ በሒሳብ አገኙት።

የቤት እመቤት ዕጣን ስታጨስ ጢሱ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ቤቱን ሁሉ እንደሚሞላው እናያለን። ተበታትኖ ሲያበቃ ግን ተመልሶ ወደ ማጨሻው ሲሰበሰብ ያየ የለም። የሚከለክለው ነገር ኖሮ አይደለም፤ የመበተኑ መንገድ እጅግ ብዙ፣ የመሰብሰቡ መንገድ ግን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ነው። እንደዚሁም ባቄላና ጤፍ በአንድ ጣሳ ቀላቅለን ደጋግመን ብንነቀንቀው ባቄላው ወደ ላይ ይወጣል። ጣሳው በተነቀነቀ ቍጥር ደቃቁ ጤፍ ከባቄላው ሥር የሚከፈተውን ክፍተት እየቀደመ ይሞላዋልና። ይህ ከጓዳ የሚገኝ ነገር ሁሉ ሊቃውንት በመጽሔቶቻቸው የሚከራከሩበት ጥናት ነው።

በ1827 ሮበርት ብራውን የተባለው የዕፀዋት ተመራማሪ ከአበባ ብናኝ የወጡ ደቂቅ ቅንጣቶች በውሃ ላይ ያለ ዕረፍት ሲንቀጠቀጡ በማጉያ መነጽር ተመለከተ። ምክንያቱን ግን በትክክል ለማስረዳት 78 ዓመት ፈጀ። በ1905 አልበርት አይንስታይን፣ ቅንጣቱን የሚያንቀጠቅጠው ከየአቅጣጫው የሚመታው የውሃው ቅንጣት መሆኑን በሒሳብ አሳየ። ፈረንሳዊው ዣን ፔረንም በሙከራ አረጋግጦ በ1926 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ ያተኮሩበት ጥናት የተተከለው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህርና ተመራማሪ ሆነው ለብዙ ዘመን አገልግለዋል። የትምህርት መንገዳቸው ግን የተስተካከለ ሜዳ አልነበረም። በደርግ ዘመን ከታሰሩት ምሁራን አንዱ በመሆናቸው፣ ሌላው የዕውቀት ሰው በምርምር በሚበረታበት ዕድሜ እርሳቸው አያሌ ዓመታትን በእስር ቤት አሳልፈዋል፤ ሥቃይም ተቀብለዋል። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ወህኒ ቤት የነበሩ እስረኞች ትምህርት ቤት አቋቁመው፣ የሚያውቀው የማያውቀውን ያስተምር እንደ ነበር የታወቀ ነው። አንድን ሰው በግንብ መዝጋት ይቻላል፤ የተማረውን ከአእምሮው ማውጣት ግን አይቻልም።

ከእስር ከወጡ በኋላ ብዙ ሰው ጊዜው አለፈ በሚልበት ዕድሜ ወደ ህንድ አገር ሄዱ። በባንጋሎር ከተማ በሚገኘው የህንድ የሳይንስ ተቋምም የዶክትሬት ትምህርታቸውን ተከታተሉ። በዚያ ያጠኑት አንዱ ነገር እንግዳ የሆነ የብረታ ብረት ጠባይ ነበር። አንዳንድ የብረት ዓይነት ሸክም አንጠልጥለውበት ቢተዉት ቀስ እያለ ይለጠጣል። ሲለጠጥ ግን እንደ ሰም በዝግታ አይደለም፤ ጥቂት ይቆምና ብድግ ይላል፤ ደግሞ ይቆማል፤ እንደ ደረጃ ማለት ነው። ምክንያቱም በብረቱ ውስጥ ያሉት ቍጥር የሌላቸው የአሠላለፍ ጉድለቶች አንዴ ተያይዘው ይቆማሉ፤ አንዴም ተከታትለው ይለቃሉ። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ ከህንዳዊው ሊቅ ከአናንታክሪሽና ጋር ስለዚሁ ደረጃ በ1997 ጥናት አሳትመዋል።

ወደ አገራቸው ተመልሰውም ተማሪ አፈሩ። ከተማሪያቸው ከመስፍን አስፋው ጋር በ2004 በአውሮፓ የፊዚክስ መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ በብራውን ቅንጣት ስለሚሠራ ደቂቅ የሙቀት ሞተር የሚናገር ነው። ነገሩ ለሰሚው ረቂቅ ቢመስልም የላስታን መንገድ ለተጓዘ ሰው የሚከብድ አይደለም ብለን እናምናለን።

የላስታ መንገደኛ ሽቅብ ይወጣል፤ ቍልቍል ይወርዳል፤ ገደሉን ተሻግሮ ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ከ4200 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር የሚኖር ሰው መንገድ ሁሉ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። አሁን ይህን መንገድ በዓይን ከማትታይ ደቂቅ ቅንጣት መጠን ልክ አሳንሰን እናስበው። ቅንጣቲቱ እግርም ፈቃድም የላትም፤ ከየአቅጣጫው የሚመታት ድብደባ ወዲያና ወዲህ ያንቀጠቅጣታል እንጂ። ከየኮረብታው በስተ ግራ ያለው ተዳፋት ሙቀት፣ በስተ ቀኝ ያለው ደግሞ ብርድ ይሁን እንበል። ቅንጣቲቱ በሙቀቱ ወገን ስትሆን ድብደባው ብርቱ ስለ ሆነ አንዳንድ ጊዜ እስከ ጫፉ ያወጣታል። ጫፉን አልፋ ወደ ብርዱ ወገን ስትወርድ ግን ድብደባው ይደክማል፤ ወደ ኋላ የሚመልሳት ኃይል ስላነሳት ከቀጣዩ ኮረብታ ግርጌ ትደርሳለች። በዚያም ሙቀቱ እንደ ገና ይቀበላታል። ስለዚህ በመካከል ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ብትመለስም በድምሩ ወደ አንድ ወገን ትጓዛለች፤ ጥቂት ሸክም ቢጭኑባትም እንኳ ትጐትታለች።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ነገር እንማራለን። መጀመሪያው፣ ሙቀቱ በግራም በቀኝም እኩል ቢሆን ድብደባው የቱንም ያህል ቢበረታ ቅንጣቲቱ የትም አትደርስም፤ ሁከት ብቻውን ሥራ አይሆንምና። ሁለተኛው፣ ሸክሙ ሲለዋወጥ ይኸው ሞተር ግብሩን ይለውጣል፤ አንድ ጊዜ በሙቀት የሚሠራ ሞተር፣ ሌላ ጊዜ ከቀዝቃዛው ወገን ሙቀት እየቀዳ የሚያወጣ ማቀዝቀዣ ይሆናል፤ ከሁለቱም አንዱን የማይሆንበት ጊዜም አለ። ሦስተኛው ስለ ፍጥነትና ስለ ቍጠባ ነው። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በ1824 እንዳስረዳው የሙቀት ሞተር ሁሉ ሊያልፈው የማይችል የቍጠባ ወሰን አለው፤ ወደዚያ ወሰን የሚደርሰው ግን እጅግ በዝግታ ሲሄድ ነው፤ እንዲያ ሲሆን ደግሞ የሚሰጠው ኃይል ከምንም አይቈጠርም። ቢፈጥን ኃይሉ ይበዛል፤ ሙቀቱ ግን ይባክናል። ሁለቱ ኢትዮጵያውያን የመረመሩት በመካከል የሚገኘውን የተሻለውን አሠራር ነው። እሳቱን እያየች ማገዶውን የምትመጥን እንጀራ ጋጋሪ ይህን ነገር በእጇ ታውቀዋለች፤ ሊቃውንቱ በሒሳብ ጻፉት።

በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ለፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለና ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ለሪቻርድ ዊልሰን በአንድነት ሰጠ። ይህ ሽልማት በ1975 የኖቤልን የሰላም ሽልማት በተቀበለው በሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ስም የተሰየመ ሲሆን፣ የሚሰጠውም ስለ ሰው ልጅ መብት ለደከሙ የሳይንስ ሰዎች ነው። ስለ ብዙዎች ጠባይ ያጠኑት ሊቅ ስለ እያንዳንዱ ሰው ክብር በመቆማቸው ተመሰገኑ። እኛም ሁለቱ ሥራ አይቃረንም እንላለን። የብዙው ሕግ የሚወጣው ከእያንዳንዱ ነውና አንዱን የናቀ ብዙውን ሊያውቅ አይችልም።

ወደ ላሊበላ እንመለስ። በጠባቡ መንገድ ላይ ሁለት ጅረት ስለ ሆነው ሕዝብ በ1995 ዲርክ ሄልቢንግና ፔተር ሞልናር የተባሉ ሊቃውንት ምክንያቱን በሒሳብ አሳይተዋል። እያንዳንዱ መንገደኛ ወደ ፈለገበት በለመደው እርምጃ ለመሄድ ይሻል፤ ከሰውና ከግድግዳ ደግሞ ጥቂት መራቅ ይወዳል። ከፊቱ የሚመጣውን ሲሸሽ በእርሱ አቅጣጫ ከሚሄደው ኋላ ይገባል። ከዚህ ትንሽ ጠባይ ብቻ ያ ሁሉ ሰልፍ ይወለዳል። በጣሊያንም ጆርጆ ፓሪሲና ባልደረቦቹ በሮም ሰማይ ላይ የሚበርሩትን የወፍ መንጋዎች ፎቶግራፍ አንሥተው መርምረው፣ እያንዳንዷ ወፍ የምትጠብቀው በአቅራቢያዋ ያሉትን ስድስት ወይም ሰባት ወፎች ብቻ መሆኑን በ2008 አስታወቁ። በቆላው ማሽላ ላይ እንደ ደመና የሚወርደውን መንጋ ያየ እረኛ ሁሉ የሚደነቅበት ነገር ይህ ነው። ፓሪሲ ስለ ውስብስብ ሥርዓቶች ባደረገው ጥናት በ2021 ከኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ግማሹን ተቀብሏል።

ነገር ግን ከብዙዎች የሚወለደው ሁልጊዜ መልካም ሥርዓት አይደለም። ሄልቢንግ፣ ፋርካሽና ቪቼክ በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕዝብ በአንድ በር ለመውጣት ሲጣደፍ የሚወጣው ሰው ቍጥር እንደሚያንስ አሳዩ፤ በሩ አጠገብ ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ እንደ ድንጋይ ድልድይ ቅስት ይቆማልና። አባቶቻችን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ያሉት በዚህም ስፍራ እውነት ነው። በ2006 በጥር ወር በመካ አጠገብ ባለችው በሚና ከ300 የሚበልጡ ምእመናን በመጨናነቅ ሕይወታቸው አለፈ። ሄልቢንግና ባልደረቦቹ የዕለቱን ፊልም ሲመረምሩ ሕዝቡ በመጀመሪያ በዝግታ ይፈስስ፣ ቀጥሎ ሄድ ቆም ይል፣ በመጨረሻም እንደ ተናወጠ ባሕር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ እንደ ነበር አገኙ። በዚያች ሰዓት ሰው እግሩ የራሱ አይደለም፤ ክፉ አሳቢ ሳይኖር ጥፋት ይሆናል። ከዚያ በኋላ የመሄጃና የመመለሻ መንገድ ተለየ፤ ለየጓዙም ሰዓት ተመደበለት።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በልደት ዕለት በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲባል ካህናቱ በከፊል ከላይ በአለቱ ጠርዝ፣ በከፊል ከታች በቅጽሩ ይቆማሉ፤ ሕዝቡም ያን ለማየት ከጠርዙ ላይ ይሰበሰባል። የቤተ ጊዮርጊስ ጕድጓድ ጥልቀቱ 12 ሜትር ያህል ነው። በሁለተኛው ወገን ደግሞ ሰው ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ የሚያልፍበት ጨለማ ዋሻ አለ። ስለዚህ በየበዓሉ ሕዝብ የሚያስተናግዱ ሹማምንት መግቢያውን ከመውጫው ቢለዩ፣ ከፍ ካለ ስፍራ ሆኖ የሕዝቡን አካሄድ የሚጠብቅ ሰው ቢያቆሙ፣ ሕዝቡም ሄድ ቆም ማለት ሲጀምር ከኋላ የሚመጣውን በጊዜ ቢያግዱ ብዙ ነፍስ ያድናሉ። ከፊት ያለውን መጐተት አይረዳም፤ የሚረዳው ከኋላ ያለውን ማቆም ነው።

ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶችም የምንመክረው አለን። ልጆችን ከጠርዝ ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ በሕዝብ መካከል ሕፃን ይታቀፋል እንጂ በእጅ አይጐተት። ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ስፍራ አስቀድማችሁ ቍረጡ። መጨናነቅ ቢደርስባችሁ ክንዳችሁን ከደረታችሁ ፊት አድርጋችሁ ለመተንፈሻ ስፍራ ጠብቁ፤ ወደ ኋላ አትግፉ፤ ግፊቱ ጋብ ባለ ጊዜ በአግድም ወደ ዳር ውጡ። የወደቀ ነገር ለማንሣት አትጐንበሱ፤ የወደቀ ሰው ግን በቶሎ ይነሣ። ሽማግሌዎችና ነፍሰ ጡሮች ሕዝቡ ሳይበዛ ወይም ካለፈ በኋላ ቢሳለሙ በረከቱ አይጐድልባቸውም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን ስንተርት ኖረናል። ድሩ እንዴት እንደሚያብር መመርመር ግን የትምህርት ሥራ ነው። ማታ በምድጃ ዙሪያ አንድ ልጅ፣ ጢሱ ለምን ተመልሶ አይሰበሰብም? ባቄላው ለምን ወደ ላይ ይወጣል? ብሎ ቢጠይቃችሁ ዝም በል አትበሉት፤ ጣሳውንና እህሉን ስጡትና ደጋግሞ ይሞክረው። መልሱን ባታውቁም ከመምህሩ ጠይቆ መጥቶ ለእናንተ እንዲያስረዳ ጊዜ ስጡት። የመንገዱ ሽቅብና ቍልቍል ቢበዛም፣ እንደዚያች ደቂቅ ቅንጣት ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ቢመለስም፣ በአንድ ወገን ሙቀት ያገኘ ልጅ ወደ ፊት ይሄዳል። ያ ሙቀት አስቀድሞ የሚገኘው ከቤት ነው።